«ርዝመቱን ማን ነገረህ?»

ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶችን ታውቋቸዋላችሁ። የምዝገባ ሰሞን ወረፋው አስፋልት ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ የሰው ወረቀት ተቆልሏል፦ የአንዱ መታወቂያ፣ የሌላዋ ትራንስክሪፕት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሐኪም ማስረጃ። የሚሠራው ልጅ ቀና ብሎ ሰው ለማየት እንኳ ጊዜ የለውም።

አንዱ ይመጣና አንዲት ወረቀት ቁልሉ ላይ ጣል ያደርጋል። «ሃያ ገጽ ናት፣ ኮፒ አድርግልኝ» ይላል። ልጁ አይቆጥርም። ሃያ ከተባለ ሃያ ነው። ከላይ ጀምሮ ሃያ ወረቀት ኮፒ አድርጎ ይሰጠዋል። የመጀመሪያዋ የሰውየው ናት። አሥራ ዘጠኙ የሌላ ሰው ነው።

ልብ በሉ፣ የጠፋ ወረቀት የለም። ባለመታወቂያው መጥቶ መታወቂያውን ይወስዳል። ባለትራንስክሪፕቷም እንደዚያው። ኦርጅናሉ ከቦታው ንቅንቅ ስላላለ «ተሰረቅሁ» የሚል ሰው አይኖርም። ልጁም ማታ ሱቁን ሲቆልፍ ዛሬ ጥሩ ሠራሁ ብሎ ነው የሚሄደው።

ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰርቨሮች፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚያስተናግዱ ኮምፒውተሮች፣ ልክ እንደዚህ ልጅ ሲሠሩ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ጉዳዩ ሃርትብሊድ ይባላል። ይፋ የወጣው መጋቢት 29 ቀን 2006 ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 7 ቀን 2014። (ከዚህ በኋላ ካልነገርኳችሁ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው።) የቆየ ታሪክ ነው። ግን «የሶፍትዌር ቀዳዳ ሲባል ምን ማለት ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው እስካሁን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ለመረዳት ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። መቁጠር መቻል ይበቃል።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ብሮውዘር ላይ ከአድራሻው ጎን ለዓመታት የለመድናት ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት አለች። እሷ ካለች በእናንተና በድረ ገጹ መካከል የሚመላለሰው ነገር ተመስጥሯል ማለት ነው። መሃል ላይ ጆሮውን የደቀነ ሰው ቢያገኘውም አይገባውም። ይህን የምስጠራ ሶፍትዌር እያንዳንዱ ድርጅት ለየራሱ አይጽፈውም። ከባድ ሥራ ነው፣ ትንሽ ስህተት ሁሉን ያበላሻል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ሌላ የጻፈውን ወስዶ ይጠቀማል። በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ኦፕን ኤስኤስኤል ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱንም ማንም ገልጦ ማየት ይችላል።

ኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ ሃርትቢት፣ ማለትም የልብ ምት፣ የምትባል ትንሽ ነገር ገባች። ሥራዋ ቀላል ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች ተገናኝተው ለጥቂት ጊዜ ዝም ከተባባሉ መስመሩ ይኑር ይቋረጥ አይታወቅም። ስልክ ስታወሩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ድምፁ ሲጠፋ «ሃሎ፣ አለህ?» እንደምትሉት ነው። «አለሁ» ካለ ጨዋታው ይቀጥላል። እዚህም አንዱ ኮምፒውተር አንድ ቃል ይልካል፣ ሌላው ያንኑ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልሳል። ከተመለሰ መስመሩ አለ።

መልእክቱ ውስጥ አራት ነገር አለ። መጀመሪያ 1 ባይት «ይህ ጥያቄ ነው» ይላል። ቀጥሎ 2 ባይት የቃሉን ርዝመት ይናገራል። ከዚያ ቃሉ ራሱ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ቢያንስ 16 ባይት መሙያ አለ። ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር የምትይዝ ትንሽ ሣጥን ናት፤ ኮምፒውተር ሁሉን ነገር የሚያስቀምጠው በነዚህ ሣጥኖች ነው።

«ሰላም» ብለን እንላክ። ቃሉ 9 ባይት ነው። ሦስት ፊደል እንዴት 9 ሆነ? እመለስበታለሁ፣ እሱ ለብቻው ጉድ አለው። ለጊዜው 9 በሉልኝ። ላኪው «ርዝመቱ 9 ነው» ይልና ሰላምታውን ይልካል። ተቀባዩ 9 ባይት ገልብጦ ይመልሳል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

አሁን የሚዋሽ ላኪ እናምጣ። ቀዳዳው ይፋ በወጣ ሰሞን መፈተሻ ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። የሚልካት ጥያቄ 8 ባይት ብቻ ናት። ፕሮግራመሮች በሚጠቀሙበት በአሥራ ስድስት መሠረት ባለው አጻጻፍ እንዲህ ትነበባለች፦

18 03 02 00 03 01 40 00

አንድ በአንድ እንያት። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ፖስታው ናቸው። 18 ማለት «የያዝኩት ሃርትቢት ነው» ማለት ነው። 03 02 የፕሮቶኮሉን እትም ይናገራሉ። 00 03 ደግሞ «ውስጤ ያለው 3 ባይት ነው» ይላሉ። ይህችን ያዙልኝ። ፖስታው ሲከፈት እውነትም 3 ባይት አለ። 01፣ «ጥያቄ ነው»። 40 00፣ የቃሉ ርዝመት፤ በእኛ አቆጣጠር 16,384። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ቃል የለም፣ መሙያም የለም።

ላኪው «16,384 ባይት የሚሆን ቃል ልኬልሃለሁና መልስልኝ» እያለ ነው። የላከው ቃል ግን ዜሮ ነው።

ሰርቨሩ እጅ ላይ እንግዲህ ሁለት ቁጥሮች አሉ። 3 ራሱ ተቀብሎ ያወቀው ነው። 16,384 ሌላ ሰው የነገረው ነው። ሁለቱን አንድ ጊዜ ማስተያየት በቂ ነበር። ያቺ ማስተያየት ኮዱ ውስጥ አልተጻፈችም። ሰርቨሩ የለካውን ትቶ የተነገረውን ያዘ።

ለምን ታዲያ 3 ባይት ካለቀ በኋላ አልቆመም? የኮምፒውተር ሜሞሪ ግድግዳ ስለሌለው ነው። አንድ ረጅም ረድፍ ነው፤ ሣጥን ከሣጥን ተያይዞ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት። መልእክታችሁ ከሣጥን 5,000 እስከ 5,002 ተቀመጠ እንበል። 5,003 ላይ የሌላ ሰው ነገር አለ። መሃላቸው አጥር የለም። ኦፕን ኤስኤስኤል የተጻፈበት የሲ ቋንቋ ደግሞ ፕሮግራመሩን በጣም ያምናል። ሜምኮፒ የምትባል ትእዛዝ አለችው። ሦስት ነገር ይነገራታል፦ የት ታስቀምጥ፣ ከየት ትገልብጥ፣ ስንት ባይት። ከተባለው ቦታ ጀምራ የተባለውን ያህል ትገለብጣለች። «ይሄ የማን ነው?» ብላ አታውቅም። ፎቶ ኮፒ ማሽን ናት።

ዩኒቨርሲቲ ጃቫ የተማራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ አሥር ቦታ ያለው ድርድር (አሬይ) ላይ አሥራ አንደኛውን ስትጠይቁ ፕሮግራሙ ቀይ ጽሑፍ ተፍቶ ቀጥ ይላል። ያ የሚያበሽቅ ቀይ ጽሑፍ ለካ ውለታ ነበር። ሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ውለታ የለም።

ስለዚህ ሜምኮፒ 16,384 ባይት ገለበጠች፣ ሰርቨሩም ላከ። በጎረቤት ሣጥኖች ምን ነበረ? እንደ ቀኑ ነው። አንዳንዴ ለማንም የማይጠቅም ቆሻሻ። አንዳንዴ ከአንድ ደቂቃ በፊት የገባ ሰው የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል፣ ልክ እንደጻፈው። አንዳንዴ «ይህ ሰው ገብቷል» የሚለው ኩኪ፤ እሱን የያዘ የይለፍ ቃል ሳያውቅ ሰተት ብሎ ይገባል። ርዝመቱ የሚጻፈው በ2 ባይት ስለሆነ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ ማስመለስ ይቻል ነበር። ከዚያ ደግሞ መጠየቅ። ደግሞ መጠየቅ። ሰርቨሩ ይህን በመዝገቡ ላይ አይጽፈውም፤ በየደቂቃው «አለህ?» ያለውን ሁሉ ማን ይመዘግባል? የኔትወርኩን ትራፊክ ቀድቶ የሚያስቀምጥ ድርጅት ካልሆነ በቀር ዱካ አይገኝም።

ሰዉ እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። «ምስጠራው ተሰበረ» ይላል። አልተሰበረም። ሒሳቡ ልክ ነበር። በሩ ብረት ነው፣ ቁልፉም ጠንካራ ነው፣ ዘበኛው ግን ወሬኛ ነው።

ጥገናው ከጣጣው ጋር ሲተያይ ያሳፍራል። የተነገረውን ርዝመት ያዝ። 1 ጨምርበት፣ 2 ጨምርበት፣ 16 ጨምርበት። ድምሩ ከደረሰህ መልእክት ከበለጠ ዝም ብለህ ጣለው። «ሰላም» ሲላክ 1+2+9+16 = 28 ይሆናል። የደረሰውም 28 ነው፤ ይመለስ። ውሸታሙ ሲመጣ 1+2+16,384+16 = 16,403። የደረሰው 3 ነው። ይጣል። 1.0.1ጂ የተባለው የታረመው እትም ይዞት የመጣው ዋና ነገር ይህ ነው።

ይህ ሕግ ደግሞ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ሃርትቢት እንዴት መሥራት እንዳለበት የሚደነግገው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 6520፣ የወጣው በፌብሩዋሪ 2012 ነው። የተነገረው ርዝመት ከልክ ካለፈ መልእክቱ በዝምታ ይጣል ይላል። ከሰነዱ ጸሐፊዎች አንዱ ኮዱን የጻፈው ሰው ራሱ ነው፤ ሮቢን ሴገልማን፣ ያኔ የዶክትሬት ተማሪ የነበረ ጀርመናዊ። ሕጉን ጽፎ ሕጉን መርሳት ለሌላ ሰው ይገርመው ይሆናል። ኮድ ሲጽፍ ለሚውል ሰው አይገርመውም። ሴገልማን በኋላ ርዝመት የያዘውን ተለዋዋጭ (ኮድ ውስጥ ቁጥር የሚቀመጥበትን ስም) ማረጋገጥ እንደዘነጋ በአደባባይ ተናግሯል። ኮዱን ያየለት የኦፕን ኤስኤስኤሉ ስቲቨን ሄንሰንም አልታየውም።

ሄንሰን ኮዱን ወደ ዋናው መዝገብ ያስገባው ዲሴምበር 31 ቀን 2011 ነው። በእንግሊዝ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ሦስት ሴኮንድ ሲቀረው። ሰዉ ርችት ይዞ አዲስ ዓመት ይጠብቃል። በእኛ ታኅሣሥ 21 ነበር፣ ማርያም። ሰዓቱን አይተው «ለበዓሉ ተቻኩሎ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ስህተት ማክሰኞ ጠዋት ቡና ተጠጥቶም ይሠራል።

ሁለት ዓመት ያልታየበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ይሠራል። ቅን ሰው ሲጠቀምበት እንከን አይወጣለትም። ፕሮግራመሩ ሲፈትሸው ቃሉን ይልካል፣ ርዝመቱንም በትክክል ይልካል፣ መልሱ ይመጣል፣ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ራሱ ላይ ዋሽቶ ለመፈተሽ ሌላ ጭንቅላት ያስፈልጋል። ያገኙትም ሥራቸው እንደዚያ ማሰብ የሆነ ሰዎች ናቸው፦ የጉግሉ ኒል ሜህታ በአንድ በኩል፣ ኮዴኖሚኮን የሚባል የፊንላንድ የደኅንነት ድርጅት ባለሙያዎች በሌላ በኩል። ሳይነጋገሩ፣ በተቀራራቢ ጊዜ። ስሙን ያወጡት ፊንላንዶቹ ናቸው። የልብ ምት ነበር፣ የሚደማ ልብ አሉት። ደም የሚያንጠባጥብ ቀይ ልብም ተሣለለት። ቀዳዳ በስምና በአርማ ታጅቦ ዜና ላይ መውጣት ፋሽን የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ደረቅ የመዝገብ ቁጥሩን ማንም አያስታውሰውም፣ እነዚያን የደም ጠብታዎች ግን ሁሉም ያውቃቸዋል።

ኔትክራፍት የተባለው ድርጅት በዚያ ሰሞን ባወጣው ቆጠራ፣ ምስጠራ ከሚጠቀሙ ድረ ገጾች 17.5 ከመቶው ተጋልጠው ነበር። በሰርተፍኬት፣ ማለትም የድረ ገጹን ማንነት በሚያረጋግጠው ሰነድ፣ ሲቆጠር ወደ ግማሽ ሚሊዮን ነው። ያሁ አንዱ ነበር። አንድሮይድ 4.1.1 የጫነ ስልክም ነበረበት፤ እዚያ ነገሩ ይገለበጥና ተንኮለኛ ድረ ገጽ ስልኩን ይጠይቀዋል።

የካናዳ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ላይ የደረሰው በደንብ ይታወቃል። ወሩ ሰዉ ግብሩን የሚያሳውቅበት ነበር። መሥሪያ ቤቱ የኦንላይን አገልግሎቱን ዘጋ። በኋላ ሲጣራ በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የ900 ገደማ ግብር ከፋዮች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተወስዷል። የማሳወቂያው ቀን ከኤፕሪል 30 ወደ ሜይ 5 ተገፋ። የ19 ዓመት ተማሪም ተያዘ።

ሌላው ደግሞ የቁልፉ ነገር ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የምስጢር ቁልፍ አለው። እሱን ያገኘ ሰው ድረ ገጹን መስሎ መቅረብ ይችላል። ይህ ቁልፍ በሃርትብሊድ ሊወጣ ይችላል ወይ የሚለው ሲያከራክር፣ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ በጣም ከባድ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ግን ግምቱን ብቻ ይዞ አልተቀመጠም። ኤፕሪል 11 ቀን ሆን ብሎ ያልተጠገነ ሰርቨር አቆመና የምትችሉ ቁልፉን አውጡ አለ። በዚያው ቀን ወጣ። የመጀመሪያው ሰው ወደ 2.5 ሚሊዮን ጥያቄ ልኮ ነበር። ሁለተኛው በ100,000 ገደማ ጨረሰው። ግምቱ ሲፈርስ ኩባንያው ራሱ ይፋ አደረገው። ይህን እወድላቸዋለሁ።

ለተጠቃሚው ምክር ቢጤም ነበር፦ የይለፍ ቃልህን ቀይር። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ድረ ገጹ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቀጥሎ አሮጌውን ሰርተፍኬት ሽሮ በአዲስ ቁልፍ ሌላ ያወጣል። ከዚያ እናንተ ትቀይራላችሁ። ሳይደፈን የቀየረ ሰው አዲሱን የይለፍ ቃሉን ወስዶ እዚያው ቁልል ላይ አስቀመጠው ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የደነቀኝ ገንዘቡ ነው። ይህ ሁሉ ባንክ፣ ይህ ሁሉ የመንግሥት ድረ ገጽ፣ ይህ ሁሉ ኩባንያ የተደገፈበት ኦፕን ኤስኤስኤል በስጦታ የሚያገኘው በዓመት ወደ 2,000 ዶላር ነበር። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት አንድ ሰው፣ ሄንሰን ራሱ። ያቺን ስህተት ስላላየ የወቀሱት ሰዎች ስንቶቹ ሁለተኛ ዓይን ለመቅጠር ሳንቲም አዋጥተው እንደሚያውቁ መገመት አይከብድም። ከሃርትብሊድ በኋላ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ፈንድ አቋቋመ። ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክና ሌሎችም ለሦስት ዓመት በየዓመቱ ቢያንስ 100,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። ልቡ ከደማ በኋላ መሆኑ ነው።

እስካሁን ያየነው ከልክ አልፎ ማንበብን ነው። እኅቱ ከልክ አልፎ መጻፍ ነው፤ ይበልጥ የታወቀው እሱ ነው፣ በዕድሜም ይቀድማል። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሞሪስ የተባለው ትል፣ ማለትም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም፣ ኢንተርኔት ላይ ሲለቀቅ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። ፊንገር የሚባለው የዩኒክስ አገልግሎት ለሚመጣለት ጽሑፍ 512 ባይት ቦታ አዘጋጅቷል። ጽሑፉን የሚቀበለው ጌትስ በሚባል ትእዛዝ ነው። ጌትስ ቦታው ስንት እንደሆነ አይጠይቅም፤ መስመሩ እስኪያልቅ ይጽፋል። ትሉ ከ512 በላይ ላከ። ትርፉ ጎረቤት ላይ ፈሰሰ። ጎረቤቱ ደግሞ ፕሮግራሙ «ይህን ስጨርስ ወዴት ልሂድ?» የሚለውን አድራሻ የያዘው ቦታ ነበር። አድራሻው ላይ ሌላ አድራሻ ተጻፈበት። ፕሮግራሙም ትሉ ወዳዘዘው ሄደ። ጌትስ በ2011 ከወጣው የሲ መስፈርት ጭራሹኑ ተሰረዘ። ሃርትብሊድ ወደ ኮዱ የገባው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

እንግዲህ ወደ «ሰላም» ልመለስ ብያችሁ ነበር።

ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የመመዝገቢያ ቅጽ ሠርቼ ነበር። የስም ቦታውን 30 አደረግኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ፈተሽኩት፣ በአጭር የአማርኛ ስምም ፈተሽኩት፣ ሠራ። ከዚያ «ኃይለገብርኤል ወልደሥላሴ»ን የሚያህል ስም ገባ። ቁጠሩት፦ 14 ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ። ከ30 ግማሹ ነው። ዳታቤዙ ግን ቆረጠው። የተቀመጠው «ኃይለገብርኤል ወ» ሆነና ከኋላው የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ተከተለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ዛሬ ኢንተርኔቱ በአብዛኛው በሚጽፍበት ሥርዓት፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይወስዳል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ይወስዳል። «ሰላም» 9 የሆነው ለዚህ ነው። 14 ፊደል 42 ባይት ነው፣ ባዶ ቦታዋ 1፣ ድምሩ 43። እኔ 30 ስል ፊደል ቆጥሬ ነው። ዳታቤዙ ባይት ቆጥሯል። «ኃይለገብርኤል» 24 ባይት፣ ባዶ ቦታ 25፣ «ወ» 28። የቀረችው 2 ባይት ናት። «ል» 3 ትፈልጋለች። ሁለት ሦስተኛዋ ገብታ አንድ ሦስተኛዋ ውጪ ቀረች። ያ ጥቁር አልማዝ የተቆረጠችው «ል» ናት።

የእኔ ዳታቤዝ ቢያንስ ልክ ያውቃል፤ ቆረጠው እንጂ አላፈሰሰውም። ሲ ላይ 30 ባይት ብቻ አዘጋጅቼ ሳልለካ ብገለብጥ ኖሮ የተረፉት 13 ባይቶች ጎረቤት ላይ ይጻፉ ነበር። ማንም ጥቃት አላሰበም፣ የሰው ስም ነው። በስልክ የአማርኛ ኤስኤምኤስ ስትጽፉ 160 መሆኑ ቀርቶ 70 ፊደል ላይ መልእክቱ ለሁለት የሚከፈለውም ከዚሁ ዘመድ ነገር ነው፤ እዚያ ሥርዓቱ ሌላ ነው፣ ፊደላችን 2 ባይት ይይዛል። በላቲን ብቻ ፈትሾ «ርዝመቱን አረጋግጫለሁ» የሚል ፕሮግራመር ሲያጋጥመኝ ይህችን «ል» አስታውሳለሁ። «ርዝመት» ስትል የምን ርዝመት? በፊደል ነው በባይት?

በ2023 ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት መጣ። ሲትሪክስብሊድ አሉት፣ ስሙን ከሃርትብሊድ ወርሶ። የሲትሪክስ ኔትስኬለር ትልልቅ ድርጅቶች በር ላይ የሚያቆሙት መሣሪያ ነው፤ ሠራተኛው ከቤቱ ሆኖ በእሱ በኩል ይገባል። መሣሪያው አንድ መልስ ሲያዘጋጅ ጠያቂው የጻፈውን የድረ ገጽ ስም መሃሉ ላይ ደጋግሞ ያስገባል። የሚጽፈው ኤስኤንፕሪንትኤፍ በሚባል ትእዛዝ ነው። ይህ ጨዋ ትእዛዝ ነው፤ ከተሰጠው ቦታ አያልፍም። ሲጨርስ ግን አንድ ቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩ የጻፈው ስንት እንደሆነ አይናገርም። ቦታው ቢበቃ ኖሮ ስንት ይጽፍ እንደነበር ነው የሚናገረው። ልብስ ሰፊ «ጨርቁ ቢበቃ አምስት ሜትር ይወስድ ነበር» ሲላችሁ አምስት ሜትር ጨርቅ አለኝ ብሎ እንደመሸጥ አስቡት። መሣሪያው ያንን ቁጥር ይዞ ያን ያህል ባይት ላከ። ከራሱ ጽሑፍ ቀጥሎ ያለውን ሜሞሪ፣ የገቡ ሰዎችን ኩኪ ጨምሮ። በአሜሪካው ኮምካስት ብቻ የወደ 36 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ ተነካ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የዋሸ ላኪ የለም። ቁጥሩን የነገረው የፕሮግራሙ የራሱ ትእዛዝ ነው፣ የነገረውም እውነት ነው። ፕሮግራመሩ ምን ማለቱ እንደሆነ አላጣራም። ለዚህ ነው የሌላ ሰው ኮድ እንዳይ ሲሰጠኝ ርዝመት የያዘ ተለዋዋጭ ባየሁ ቁጥር እዚያው ቆሜ ወደ ኋላ የምከተለው። ይህን ቁጥር ማን ነገረህ? ራስህ ለካኸው? ከሰው ሰማኸው? ወይስ «ቢሆን ኖሮ» ነው? አሰልቺ ሥራ ነው። አንድ ከሰዓት ሙሉ ሦስት ቁጥር ሳሳድድ የዋልኩበት ቀን አለ።

ሃርትቢትስ ምን ሆነች? ከጥገናው በኋላ ለዓመታት ኮዱ ውስጥ ቆይታለች። ለአብዛኛው ድረ ገጽ ስትጀመርም ብዙም አታስፈልገውም ነበር። በመጨረሻ ኦፕን ኤስኤስኤል 1.1.1 ሲወጣ ነቅለው ጣሏት። የገባችው በፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ያ እትም የወጣው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2018 ነው፤ በእኛ መስከረም 1 ቀን 2011፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት።